«ከስልካቸው ይማሩታል» ማለት ዕጩ መምህራንን መተው ነው

ስለ መምህራን ሥልጠና ጨዋታ በተነሣ ቁጥር ከኮሌጅ አስተማሪም፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያም፣ ከወላጅም የሚሰማ አንድ መልስ አለ። ዕጩ መምህራን ቴክኖሎጂን ለማስተማር ሥራ እንዴት እንደሚያውሉ ማን ያሳያቸዋል ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ይህ ትውልድ እኮ ከስልክ ጋር ነው ያደገው፤ ዩቲዩቡ አለለት፣ ቴሌግራሙ አለለት፣ ከስልኩ ይማረዋል» ይባላል። ይህን የሚሉት ቅን ሰዎች ናቸው፤ ወጣቶቹን ማድነቃቸው ነው። እኔ ግን አባባሉ ስሕተት ነው፣ ጉዳትም አለው እላለሁ። ጉዳቱ አስቀድሞ የሚያርፈውም በሰሜን ሸዋ፣ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ልጅ ላይ ነው።

ስልክ መጠቀምና በስልክ ማስተማር ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ከደብረ ብርሃን መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚመረቅ ልጅ ቪዲዮ መቁረጥ፣ ፋይል መላክ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ጥያቄ መጠየቅ ያውቅ ይሆናል። ራቤል ወይም ዘመሮ አካባቢ ባለ የገጠር ቀበሌ ትምህርት ቤት ሲመደብ ግን የሚጠብቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ከፊቱ ስልሳ ሕፃናት አሉ። ከእነሱ ውስጥ ማንበብ የሚችለው ማን ነው? የማይችለውስ የት ላይ ነው የተደናቀፈው? አርባ ደቂቃ ውስጥ ለማን ምን ይደረግለት? እጁ ላይ ያለው መሣሪያ፣ ጠመኔም ይሁን ስልክ፣ ዋጋ የሚያገኘው ለእነዚህ ጥያቄዎች ሲያገለግል ነው። ይህንን ደግሞ ከስልኩ አላገኘውም። በስልኩ የተከታተላቸው ሰዎች እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ኮምፒውተር ባለበት፣ መብራትና ኔትወርክ በማይጠፋበት፣ ሃያ ምናምን ተማሪ ባለው ክፍል ውስጥ ቆመው የሚናገሩ ናቸው። ምክራቸው ለክፍላቸው ልክ ሊሆን ይችላል። ከእኛው ክፍል ጋር ግን አይገናኝም።

ሌላም ችግር አለ። ሰው ለሌላ ሰው የሚያሳየው የተሳካለትን ነው። ያልተሠራው ትምህርት፣ ልጆቹ መሣሪያውን እያዩ ትምህርቱን የረሱበት ቀን፣ ግማሹ ክፍል ምንም ሳይገባው ያለፈበት ክፍለ ጊዜ አይለጠፍም። ለጀማሪ መምህር ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እሱ ነበር። የስኬት ታሪክ ብቻ ሲከታተል የቆየ ዕጩ፣ የመጀመሪያው ሙከራው ሲከሽፍበት ጥፋቱን ወይ በራሱ ላይ ወይ በተማሪዎቹ ላይ ያሳብባል። መሣሪያውን መመርመር አልተማረማ።

እርግጥ ይህች አገር በክፍል ቴክኖሎጂ ረገድ የራሷ የሆነ፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ልምድ አላት። ፕላዝማ። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ለመላ አገሪቱ መሰራጨት ጀመረ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሥነ ዜጋ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጸው፣ በእንግሊዝኛ፣ በየክፍሉ በተሰቀለው ስክሪን ይመጡ ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ስክሪኑ ይወስዳል፤ ለመምህሩ የሚቀርለት መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ ማሳረጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው።

አንዱን ክፍለ ጊዜ ቀረብ ብለን እንየው። አቅራቢዋ ጥያቄ ታነሣለች፤ ለመልሱ የተሰጠው ጊዜ በሴኮንድ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ያለችው ተማሪ ጥያቄው የተነገረበትን እንግሊዝኛ ገና እያብላላች ነው። ሴኮንዱ ያልቃል፤ አቅራቢዋ መልሱን ራሷ ተናግራ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። መምህሩ «ቆይ፣ አልገባቸውም» ማለት አይችልም። ስርጭቱ ለመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት የሚሄድ ነውና አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። መብራት ከሄደ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት ከነጭራሹ ሄደ ማለት ነው። በመጽሐፍ ልሸፍነው ቢል እንኳ በማግሥቱ ስክሪኑ ሌላ ርዕስ ይዞ ይጠብቀዋል።

ፕላዝማ ምንም አልጠቀመም አልልም። ቤተ ሙከራ አይቶ ለማያውቅ ተማሪ የኬሚስትሪ ሙከራ ሲካሄድ አሳይቷል፤ የሕዋስን ሥዕል በጠመኔ ከሚሣለው አሥር እጥፍ አጥርቶ አቅርቧል። ጥፋቱ መምህሩን ከትምህርቱ ውሳኔ ማውጣቱ ነው። መቼ ይቆም፣ ምን ይደገም፣ ምን ይታለፍ የሚለውን የሚወስነው ተማሪዎቹን አይቷቸው የማያውቅ ሰው ሆነ። የዕጩዎቹን ሥልጠና ለስልክ ስንተው የምንሠራው ይህንኑ ነው። ያኔ ትምህርቱ ከሩቅ መጣ፤ አሁን ደግሞ የመምህሩ ሙያ ራሱ ከሩቅ ይምጣ እያልን ነው።

የሚያስቆጨኝ ሌላው ነገር እነሆ። በፕላዝማው ዘመን ብልሃት ያበጁ መምህራን ነበሩ። ድምፁን ዝቅ አድርገው በአማርኛ የሚያብራሩ፣ ከስርጭቱ በፊት ከባድ ከባዱን ቃል ሰሌዳ ላይ የሚጽፉ፣ ከስርጭቱ በኋላ ተማሪውን በቡድን አስቀምጠው የሚያከልሱ። ይህ ክፍል ውስጥ የተፈጠረ፣ የእኛ የሆነ ዕውቀት ነው። ዛሬ ሃያ ዓመት የሞላው ዕጩ መምህር ግን ፕላዝማ ሲባል የሚያስታውሰው ግድግዳ ላይ የቀረውን ጥቁር ስክሪን ነው። ያ ሁሉ ልምድ ተጽፎ፣ ተሰብስቦ፣ በኮሌጅ ክፍል ውስጥ ክርክር ሊነሣበት በተገባ ነበር። ከሌላ አገር መምህር የሚቀዳ ብልሃት ከመፈለግ በፊት የራስን ማንበብ ይቀድማል።

ከፕላዝማ ቀጥሎ የመጣውም ያንኑ መሰከረ። በ2000 ዓ.ም. ግድም ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚለው ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ አማካይነት ወደ አምስት ሺህ የሚጠጉ አነስተኛ ኮምፒውተሮች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታደሉ። መምህራኑ ግን በትምህርታቸው ውስጥ ምን ቦታ እንዲሰጡት በቅጡ አልተዘጋጁም ነበርና መሣሪያውን ክፍል ውስጥ እንደ ረባሽ የቆጠሩት ብዙዎች ነበሩ። ልጆቹ ወደዱት፤ ትምህርቱ ግን በነበረበት ሄደ። ፔሩ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ እነዚህኑ ኮምፒውተሮች አድላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ዩኔስኮም በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዓለም አቀፍ የትምህርት ሪፖርት ሙሉ በሙሉ በዚሁ ጉዳይ ላይ ነበር፤ ቴክኖሎጂ ለትምህርቱ ያገልግል እንጂ ትምህርቱ ለቴክኖሎጂው አይገዛ የሚል ነው ጭብጡ።

«ልጆች ራሳቸው ይማራሉ» የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት ጠንካራ ማስረጃ ከዚሁ ከእኛው አገር የተገኘ ስለሆነ ልለፈው አልሻም። በ2004 ዓ.ም. ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት የገጠር መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ላልደረሳቸው ሕፃናት ታብሌቶች ተሰጡ፤ የሚያስተምር ሰው አልተመደበም። ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ከፈቱት፤ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛውን የፊደል መዝሙር ዘመሩ፤ በወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ መክፈቻ ዘዴ አገኙ። ዜናው ዓለምን ዞረ። የልጆቹ ብሩህነት የሚያኮራ ነው፤ እኔም እኮራለሁ። ነገር ግን ጥቂት ደርዘን ሕፃናት ናቸው፤ ለአዋቂዎቹ በፀሐይ ኃይል የመሙላቱን ዘዴ ያሳየ ሰው ነበር፤ በየሳምንቱ እየሄደ የመሣሪያውን ማስታወሻ ካርድ የሚቀይርም ነበር። ልጆቹ ያገኙትም ከፊደል ጋር መተዋወቅን ነው። አንብቦ መረዳት፣ ጽፎ መግለጽ፣ ክፍልፋይ መደመር ከዚያ ብዙ ይርቃል። ካሜራ የከፈተ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ያንን ጉብዝና ወደ ንባብ የሚመራለት መምህር ግን ያስፈልገዋል።

ንባብ ያልኩት በዋዛ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዓመታት በኋላ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ወጣቶቹ ላይ ብዙ ተፈርዶባቸዋል። እኔ የማየው ከታች፣ ከፊደሉ ሥር የጀመረ ክፍተት ነው። ክፍተቱን የሚደፍነው ደግሞ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህር ነው። እንግዲህ የክፍል ቴክኖሎጂ የሚባለው ነገር ለዚህ መምህር ምን ያደርግለታል?

አንድ ነገር ያደርግለታል፤ እሱም ከአንድ ተራ ስልክ በላይ አይጠይቅም። ዕጩዋ መምህር ለተግባር ልምምድ ሞላሌ ወይም ወገሬ ተልካለች እንበል። ስልኳ ኔትወርክ ባይኖረውም ድምፅ ይቀዳል፤ ሰዓትም ይቆጥራል። እያንዳንዱን የሁለተኛ ክፍል ልጅ ለአንድ ደቂቃ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ታደርጋለች። ስልሳ ልጅ ቢሆን ከመቀያየሪያው ጋር ሁለት ሦስት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፤ ሌሎቹ በዚያ ጊዜ ይጽፋሉ። ገጹ ከመጽሐፋቸው የተወሰደ መሆን የለበትም፤ ብዙ ልጆች ገጹን በቃላቸው ስለሚይዙት ዓይናቸውን ጨፍነውም «ያነቡታል»ና። ራሷ የጻፈችው፣ ስለ ጓሳ ጭላዳ ወይም ስለ በግ የሚያወራ አጭር ምንባብ ይሁን።

ማታ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። አንዱ ፊደሉን ነጠላ ነጠላውን ይጠራል፣ ቃል ግን አይሆንለትም። ሌላዋ ሳድሱ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ሦስተኛው በፍጥነት ያነባል፤ የቃሉን መጀመሪያ አይቶ መጨረሻውን ስለሚገምት ግን የሚለው የተጻፈውን አይደለም። አራተኛዋ ሁሉንም ፊደል በትክክል ጠርታ፣ የሚጠብቀውን አላልታ የሚላላውን ስላጠበቀች የዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ጠፍቶባታል። የአማርኛ ጽሑፍ መጥበቅና መላላትን አያሳይምና ይህንን የሚለይ የመምህሩ ጆሮ ብቻ ነው። ዕጩዋ አራት ዓይነት ስሕተት አገኘች፤ በማግሥቱ ልጆቹን በስሕተታቸው ዓይነት ከፋፍላ ታስቀምጣለች። ከወር በኋላ ያንኑ ደግማ ትቀዳና ታወዳድራለች። ቀረጻው ለወላጅ ተነግሮ፣ ድምፅ ብቻ ተይዞ፣ ሥራው ሲያልቅ ይጥፋ፤ የልጅ ድምፅ የትም የሚላክ ዕቃ አይደለም።

ይህ ነው የክፍል ቴክኖሎጂ። አዲስ ነገር የለበትም፤ ስልኩም አሮጌ ቢሆን ግድ የለም። አዲስ የሚሆነው ዕጩዋ ውስጥ የሚፈጠረው ነው። መሣሪያ ከመያዟ በፊት ጥያቄ መያዝ ትለምዳለች፤ መሣሪያው ያላገኘላትንም ለይታ ታውቃለች። የሠራችውን በሦስትና በአራት ገጽ በአማርኛ ጽፋ፣ ያልተሳካውንም ሳትደብቅ፣ ለኮሌጁ ብታስረክብ ከእሷ ቀጥሎ ሞላሌ የሚሄደው ዕጩ አንብቦት ይሄዳል። አምስት ዓመት እንዲህ ቢቀጥል ደብረ ብርሃን ላይ ማንም ከውጭ ሊያመጣው የማይችል የሙያ መዝገብ ይኖራል።

ለዚህ ዓይነቱ ሥልጠና ባዕድ አይደለንም። በቅኔ ቤት መምህር መሆን የሚሻ ደቀ መዝሙር ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ በመስማት ብቻ አይመረቅም። ከእሱ ለሚያንሱት ግስ ያስነግራል፣ የተዘረፈውን ያርማል፤ የኔታም ሲያስተምር ሰምተው ያርሙታል። አስነጋሪነት ማለት እኮ ማስተማርን በማስተማር፣ በባለ ሙያ ፊት ሆኖ መማር ነው። ይህ አካባቢ ይህን ሥርዓት ለዘመናት ሲያውቀው ኖሯል። በደርግ ዘመንም በየአውራጃው፣ መንዝና ግሼ አንድ አውራጃ በነበረበት ጊዜ፣ የትምህርት መርጃ ማዕከላት ይቋቋሙ የነበረው መምህሩ የራሱን መሣሪያ በአካባቢው ከሚገኝ እንጨት፣ ጭቃና ካርቶን እንዲሠራ ነው። የዚያ ዘመን ብዙ ነገር መቅረቱ በጀ፤ ይህኛው ሐሳብ ግን ባይቀር ይሻል ነበር።

«ታዲያ ከዓለም ልትዘጋቸው ነው ወይ?» ይሉኛል። አይደለም። ሌላው አገር ያለ መምህር የሚጽፈውንና የሚያሳየውን ማየት ይጠቅማል፤ እንግሊዝኛቸውንም ያሻሽላል። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ፕሮግራም መጻፍ ለሚሻ ወጣት መልካም በር ነው፤ መምህራን ቢመዘገቡበት ደስ ይለኛል። የምቃወመው ይህ ሁሉ በኮሌጁ ሥራ ቦታ መተካቱን ነው። የምስክር ወረቀት ከስልክ ላይ ወረደ ማለት ክፍል ውስጥ መሣሪያን በሚገባው ቦታ ማዋል ተቻለ ማለት አይደለም። መጀመሪያ የራሱን ክፍል የመረመረ ዕጩ የሌላውን ምክር ሲያነብ «ይህ ለእኔ ይሆናል፣ ያኛው አይሆንም» ብሎ ይለያል። ያልመረመረው የቀረበለትን ሁሉ ይቀበላል።

ሌላው መከራከሪያ የአቅም ነገር ነው። ኮሌጆቹ በጀት የላቸውም፣ አስተማሪዎቹም ራሳቸው አልሠለጠኑም፤ ስልክ ግን በነጻ አለ ይባላል። በነጻ አለመሆኑን የዳታ ጥቅል የሚገዛ ተማሪ ያውቀዋል። ከዚያም በላይ፣ በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። ሥልጠናውን በኢንተርኔት ላይ ያቆመ ሰው በእነዚያ ወራት ምን ይዞ ነበር? ከዚያ በፊት በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ትምህርቱ ወደ ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮና ቴሌግራም ዞረ ተባለ፤ መብራት ያልደረሰው የገደል ማዶ ልጅ ግን በግ ሲጠብቅ ከረመ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ሲደርስም ኮምፒውተር የነበራቸው ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል። ዕቃ ይዘረፋል፣ መስመር ይቆረጣል። የልጆችን ንባብ አዳምጣ ስሕተታቸውን መለየት የተማረች መምህር ግን ስልኳ ቢጠፋ እንኳ በእርሳስና በወረቀት ትቀጥላለች።

አቅም ለሌለው ሥርዓት ደግሞ ኬንያ ያደረገችው ልብ ሊባል ይገባል። በ2015 እ.ኤ.አ. በጀመረችው ቱሶሜ በተባለው የንባብ ፕሮግራም ታብሌት የሰጠችው ለወረዳዎቹ የትምህርት ድጋፍ ሠራተኞች ነው። እነሱ እየዞሩ ክፍል ገብተው ትምህርቱን ያያሉ፣ ጥቂት ልጆችን ያስነብባሉ፣ ውጤቱን መዝግበው መምህሩን ቁጭ አድርገው ይመክሩታል። ጥቂት መሣሪያ፣ ብዙ ምክር። እኛስ? የጉድኝት ሱፐርቫይዘር የሚባል ሰው በየጉድኝት ማዕከሉ አለን። መንዝ ውስጥ ያለው ሱፐርቫይዘር በብርድና በጭጋግ በእግሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚሄድ ሰው ነው። ሲደርስ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመረምረው የትምህርት ዕቅዱ መጻፉንና የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ሰነዱ መሞላቱን ነው። ያንኑ ሰው ዕጩ መምህራኑ ሲያስተምሩ የሚያይ፣ ልጆቹን የሚያስነብብ፣ ለኮሌጁ የሚጽፍ ብናደርገው ሌላ መዋቅር መፍጠር አያስፈልግም።

ስለዚህ ለመምህራን ኮሌጆቻችን የምለው ይህ ነው። የተግባር ልምምዱን ከተማው ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች ብቻ አትወስኑት፤ ዕጩዎቹን ወደሚመደቡበት ወደ ገጠሩ ላኳቸው፤ የሰላሙ ሁኔታ በፈቀደ ቁጥር ራቤልም፣ ዓለም ከተማ ዙሪያም ይሂዱ። የቴክኖሎጂ ኮርሱን ውጤት በወረቀት ፈተና ሳይሆን አንድን ትምህርት አንዴ በመሣሪያ፣ አንዴ ያለ መሣሪያ አስተምረው ልዩነቱን በጻፉት ስጡ። የፕላዝማ ዘመን መምህራን ጡረታ ሳይወጡ ጥሩና ተማሪዎቻችሁ ይጠይቋቸው፤ የሚሉትንም ጻፉት። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም ሱፐርቫይዘሮቻችሁን ከሰነድ ምርመራ አውጥታችሁ ክፍል ውስጥ አስቀምጧቸው። አንተም ዕጩ መምህር፣ አንቺም፣ ኮሌጁ እስኪያደርገው አትጠብቁ፤ በመጪው የልምምድ ወቅት ስልካችሁን ከኪስ አውጡና አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ለአንድ ደቂቃ ሲያነብ ቅዱ፤ የሰማችሁትንም ጻፉ።